የሜሮን መድኃኒት

ባለፈው ወር ሄይዋርድ ባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ የዘገየውን ባቡር ስረግም፣ ከኋላዬ «እትዬ አሰለፈች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚህ አገር እትዬ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ወጣቶቹ «ሃይ አንቲ» ብለው ያልፉኛል፤ እኩዮቼም ግማሾቹ አልፈዋል፣ የቀሩት ልጆቻቸውን ተከትለው ቤት ረከሰ ወደተባለበት ሄደዋል። ዞር ስል አንዲት ረጅም ሴት፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበትን ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ የመጋዘን ሠራተኞች የሚለብሱትን ብርቱካንማ ሰደርያ በክንዷ ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ሳይ ጉልበቴን ረሳሁት። ሜሮን ናት፣ የእታገኘሁ ልጅ። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ትከሻዬን ሳመችኝ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ከዚያ እናቷ ልቧን እንደታመመችና አሁን ሳን ሆዜ ከእሷ ጋር እንደምትኖር ነገረችኝ። «ስምዎን ሳታነሳ አትውልም፣ እትዬ። ሐሙስ ኦፍ ነኝ፤ እዚያ ካለው ጣቢያ ፒክ አደርግዎታለሁ። ይመጣሉ አይደል?» አለችኝ። እመጣለሁ አልኩ። የእሷ ባቡር መጣና ሄደች። የእኔም ባቡር በወዲያኛው በኩል መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ቆሜ አየሁት። እውነቱን ልናገር፣ ይህችን ልጅ ዳግም እንዳላገኛት ስጸልይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ነውር ጸሎት ነው፤ አውቃለሁ።

ያ የኦክላንድ ዘመን ሲነሳ ሰው ሁሉ «ደግ ዘመን ነበር» ይላል፣ እኔም እላለሁ። ሌክ ሜሪት አጠገብ አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ ኪራይዋ ዛሬ ለመኪና ኢንሹራንስ የምንከፍለውን ያህል ነበር። በአስር ዶላር ቤንዚን ኦክላንድን ሳምንቱን ሙሉ የምዞርባት አሮጌ ቶዮታ ነበረችኝ። ቴፗ ካሴት ትበላ ነበር፤ የትዝታ ካሴቴን በላችብኝ ብዬ መንገድ ዳር አቁሜ በእርሳስ እያጠነጠንኩ ስንት ጊዜ ሥራ አርፍጃለሁ። ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ያለችው ሱቅ በርበሬውንም፣ የሠርግ ቪዲዮውንም፣ የስልክ ካርዱንም አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር የምትሸጠው። የአምስት ዶላሩን ካርድ በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን እናወጣና አዲስ አበባ እንደውላለን፤ «ሃሎ፣ ይሰማሻል?» «አይሰማም» ስንባባል ያልቃል። ሴቶቹ ትከሻው የቆመ ኮት፣ ወንዶቹ በነሐሴም የማያወልቁት የቆዳ ጃኬት። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን የፈረንጆቹን አዳራሽ ተከራይተን ነበር የምንቀድሰው፤ እነሱ ሲወጡ እኛ እንገባለን፣ ወንበሩ ገና ሞቅ ያለ ነው። ያኔ ሁላችንም አንድ ሰፈር ነበርን፤ የአንዱን ጓዳ ሌላው ያውቀዋል። ደግነቱም ችግሩም ይኸው ነበር።

እኔ የካውንቲው እስር ቤት ነርስ ነበርኩ። ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት በጋሪ እየገፋሁ፣ ጠዋትና ማታ ከእስረኞቹ ክፍል ክፍል የማዞር። እሑድ ማታ ነጭ ጫማዬን ቀለም ቀብቼ መስኮት ላይ አደርቃለሁ፤ አበባ ያለበት የነርስ ልብስ እዚያ ስለማይፈቀድ ደፍን ሰማያዊ ነው የምለብሰው። እስረኛው በሰልፍ ይመጣል፣ ክኒኑንና በወረቀት ኩባያ ውኃውን እሰጠዋለሁ፣ ይውጣል፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሳልኛል፣ ቀጣይ። በዚያ ግቢ ሐበሻ ሞልቶ ነበር። ወጥ ቤት አለ፣ ፓርኪንጉ ላይ አለ፣ ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጽጌ ነበረች፣ የእስረኞቹን የሕክምና ጥያቄ የምትቀበለው። ጽጌ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። ግን ወሬ አያድርባትም። ቅዳሜ ያየችውን እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ መቅደሱ በር ላይ ታደርሰው ነበር። እኛም እንሰማት ነበር እኮ፤ ሰሚ ጆሮ ባታገኝ ምን ትሆን ነበር?

እታገኘሁ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ወረድ ብላ ነበር የምትኖረው። አሮጊት ፈረንጆች ቤት እየሄደች ታስታምማለች፤ ባሏ ገና ስደት ላይ ሳሉ ሱዳን ነው የሞተው። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፣ በልጅነቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ፣ ጨዋ፣ ሰው ሲያይ የሚሽኮረመም። የዚያን ጊዜውን ስሟን አልጽፈውም፤ አትወደውም። በወንድ ልጅነት ነው ያደገችው፤ ኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፣ እናቷም «ልጄ ሎስ አንጀለስ ለትምህርት ሄደ» አለችን። አመንን። ለምን አናምንም? የሰው ልጅ ሁሉ ሎስ አንጀለስ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ለብቻቸው የሚቀመጡ እስረኞች ዘንድ ጋሪዬን ገፍቼ ሄድኩ። ወንዶቹ ክፍል ነው። በሩ ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ቅንድቧን የተቀነደበች፣ ከንፈሯ ያበጠ ልጅ ብቅ አለች። «እትዬ አሰለፈች» ስትለኝ ነው የእታገኘሁ ልጅ መሆኗን ያወቅኩት። ከአንድ ጭፈራ ቤት ደጅ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ሰካራም ፀጉሯን ጎትቶ ይሰድባታል፣ እሷም በጠርሙስ ትመታዋለች፣ ሰውየው ዓይኑ ሊጠፋ ለትንሽ ይተርፋል። በዚህ ነው የገባችው። ግን ያን ጊዜ ስለ ክሱ አልነበረም ያወራችኝ። ሳን ፍራንሲስኮ ካለ ክሊኒክ ሐኪም አዝዞላት የሴት ሆርሞን ክኒን መውሰድ ከጀመረች ቆይታለች። ስትገባ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብለው የጠየቋት ወንዶች በተሰለፉበት መሀል ስለሆነ ፈርታ የለም አለች። አሁን ግን ላብ ያጠምቃታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ጢሟ እየመጣ ነው። «ለዶክተሩ ይንገሩልኝ፤ ክሊኒኩን ኮል ካደረጉ ይነግሯቸዋል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ውጭ ስትወስድ እንደነበር ከታወቀ አይከለክሏትም ነበር። ለሐኪሙ በዚያው ቀን መንገር ደግሞ ሥራዬ ነበር፤ የምከፈለው ለዚያ ነው።

እኔ ምን አሰብኩ? ጽጌን አሰብኩ። ነገሩ በጽጌ ጠረጴዛ ሳያልፍ ሐኪሙ ጋ አይደርስም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ እታገኘሁ ይሄን ሰምታ ታብዳለች፣ ደም ብዛቷ ተነስቶ ትሞትብናለች። ያኔ ልጅቷን በአንተ ነበር የማናግራት። ወደ መስኮቷ ጠጋ ብዬ «ዝም በል። ለማንም እንዳትናገር። ፍርድ ቤት እስክትቀርብ ቻለው፤ እናትህን አትግደላት» አልኩ። ከዚያ «እሺ እትዬ» አለች። ታላቅ ሲናገር እሺ እንድትል አይደል ያሳደግናት? ያን ቀን ወደ ቤቴ ስነዳ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው ገመና ሸፈንኩ ብዬ። ይኸው ነው እንግዲህ እኔን የሚበላኝ። ክፉ ሥራ ስሠራ እንኳ ክፉ ስሜት አልተሰማኝም።

ፍርድ ቤቱ ዛሬ ነገ እያለ ወራት አለፉ። ሁለተኛ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች። በእኔ ቤት ደግ ሆኛለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር የደም ግፊቷን እለካለሁ፣ ትርፍ ብርድ ልብስ እንዲሰጧት አስደርጋለሁ፣ የክርስትና ስሟን ለቄሱ ሰጥቼ ጸሎት አስይዣለሁ። መድኃኒቷን ነፍጌያት ጸሎት አስያዝኩላት! እሷ ግን ከቀን ቀን እየጠፋች ሄደች። ምላጭ አይሰጧትምና ጢሟን እንዳላይባት ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ትከናነባለች። ምግቡን እንደመጣ ትመልሳለች። አንድ ጠዋት ጠባቂዎቹ ልብሷን ወስደው ባዶ ክፍል አስገብተዋት አገኘኋት፤ ራሷን ልትጎዳ ስትል ነው የደረሱባት። ያን ቀን እንኳ መናገር እችል ነበር። ጋሪዬን ይዤ አለፍኩ። እሑድ እሑድ ደግሞ እታገኘሁ ከቅዳሴ በኋላ ክንዴን ትይዘኛለች፤ ልጇ በጠብ መታሰሯን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችው፣ እዚያ ስለምሠራ። «ልጄን አየሽልኝ?» ትላለች። «ደህና ነው፣ ምንም አይጎድልበትም፣ እኔ እያለሁ» እላለሁ። አንድ ጊዜ «የመድኃኒት ነገር...» ብላ ጀመረችና ዓይኗን ሰበረች። የራሷን የደም ግፊት መድኃኒት ማለቷ መስሎኝ «ሁሉንም ለእኔ ተይው» አልኳት። እጄን ጨብጣ ሳመችው። ከዚያ ልጅቷ ተፈረደባትና በረሃው መሀል ወዳለ የስቴት ወህኒ ቤት ወሰዷት። እኔም ሥራ ቀይሬ ሆስፒታል ገባሁ፣ እታገኘሁም ኪራይ አባርሯት ሳን ሆዜ ገባች። ልጅቷን ወህኒ ቤት ምን እንደገጠማት አንድም ቀን አልጠየቅኩም። መልሱን የፈራ ሰው አይጠይቅም።

ሐሙስ ደረሰ። ዳሊ ሲቲ ያለችው ልጄ ላድርስሽ ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ በባቡር ሄድኩ፣ ብርቱካን ገዝቼ። ሳን ሆዜ የማውቃት ፍራፍሬ እርሻዋ ገና እዚህም እዚያም ቀርቶ ሳለ ነው፤ አሁን ሁሉም መስታወት ሆኗል። ሜሮን ጣቢያው ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ፣ መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ። ትንሽ እንደሄድን አላስችል አለኝና ጠየቅኋት። እዚያ ወህኒ ቤትስ መድኃኒትሽን ሰጡሽ ወይ አልኳት።

ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነገረችኝ። ሬዲዮ ዜና እንደሚያነብ ሰው፣ ሳትቆጣ። እዚያም ያስገቧት ወንዶች ወህኒ ቤት ነው። ገና እንደገባች፣ አሁን አልፈራም ብላ፣ ሐኪሙን ጠየቀችው። ሐኪሙ ከካውንቲ የመጣውን ፋይል አገላበጠና «ይህን ሁሉ ወር እዚያ ስትቀመጥ አንድም ቀን አልጠየቅሽም። ቢያስፈልግሽ ትጠይቂ ነበር» አላት። የድሮው ክሊኒኳ ደግሞ በዚያው መሀል ተዘግቷል። ስለዚህ እንደ አዲስ ጀምሪ ተባለች፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያይሻል፣ ሌላ ኮሚቴ ይመለከተዋል፣ ጠብቂ። ሁለት ክረምት ጠበቀች። እስከዚያ ድምፅዋንም፣ ሰውነቷንም፣ ሁሉንም እንደገና ተነጠቀች። ከእሷ ጋር የገባች አንዲት ጓደኛ ነበረቻት፤ ያቺ ግን ካውንቲ ሳለች ጮሃ ጠይቃ ስለነበር በሳምንቷ ክኒኗን ሰጧት። ሜሮን ያን ነገር ስትነግረኝ ብቻ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። እኔ ብርቱካኑን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ግልግል ነበር። «እና እኔን ለምን ወደ እናትሽ...» ብዬ ሳልጨርስ ደረስን።

እታገኘሁን መስኮት አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ አገኘኋት። ያቺ ወፍራም ሴት አልቃለች፤ እጇ የሕፃን እጅ አክሏል። ተላቀስን። የሞቱትን ቆጠርን፣ የድሮውን ሱቅ አነሳን፣ የፈረንጆቹን አዳራሽ አነሳን፣ በቶዮታዬ ሳቀችብኝ። ሜሮን ሻይ አመጣችልን፣ የእናቷን እግር ብርድ ልብስ ውስጥ አስገባችላት። እታገኘሁ በዓይኗ ተከተለቻትና ወደ እኔ ዞራ እጄን ያዘች።

«አሰለፈች፣ ዛሬ ልንገርሽ። ያኔ አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። ልጄ ሴት መሆኗን ገና ቤት ሳለች ነበር የማውቀው። ያን ክኒን ከፋርማሲ የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ የሰው ዓይን ሸሽቼ ነው ሎስ አንጀለስ ያልኳችሁ። ስትታሰር ክኒኗ ምን ይሆናል ብዬ ሞቼ ነበር። ያንቺን እዚያ መሥራት ሳስብ ግን ነፍሴ ተመለሰች። አንቺን ማርያም ነች እዚያ ያስቀመጠችልኝ። አፍ አውጥቼ ሳልለምንሽ ገብቶሽ፣ ልጄ መድኃኒቷ አንድ ቀን ሳይቋረጥባት አሳለፍሽልኝ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ታውቅ ነበር። እኔ ከእሷ የደበቅኩትን እሷ ከእኔ ስትደብቀው ኖራለች። ያን እሑድ «የመድኃኒት ነገር» ያለችኝ ያንን ክኒን ነበር። አንድ ጥያቄ ብጨምር፣ ወይ እሷ አንድ ቃል ብትጨምር፣ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። የሐኪሙን ስም ታውቃለች፣ የተረፈው ክኒን ቤቷ ነበር፣ በማግስቱ ይዛ ትመጣ ነበር። ሁለት ሴቶች ገመና ስንሸፋፈን ልጅቷን መሀል ላይ ረሳናት። ግን እሷ እንኳ አፈረች እንጂ ሥራዋ አልነበረም፤ የእኔ ሥራ ነበር። ቀና ስል ሜሮን የእናቷን መድኃኒት በትንሽ ኩባያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አሁን እናገራለሁ ብዬ «እታገኘሁ፣ እኔ እኮ...» ማለት ስጀምር፣ ሜሮን ገባችና «እማዬ፣ ክኒንሽ ደርሷል» አለች። ራሷን ደግፋ ውኃውን አጠጣቻት። ከዚያ «እትዬ ባቡር እንዳያመልጣቸው» ብላ ኮቴን አነሳችልኝ።

መኪናው ጋ ስንደርስ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። «ለምን አልነገርሻትም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ እንቅልፍ የወሰዳት እርስዎ አሉ ብላ ነው። አሁን ዕድሜዋ ሊያልቅ ሲል ልቀስቅሳት? ስትጠይቀኝ፣ አዎ እማዬ፣ አንድ ቀን አላቋረጡብኝም ነው ያልኳት። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምላት።»

«እኔ ልንገራት። ሸክሙ የእኔ ነው፣ በሞቴ ልናገርና ይውጣልኝ።»

«ለእርስዎ ይወጣልዎታል፤ ለእሷ ግን ይገባባታል። ይቅርታ መጠየቅ ከፈለጉ እኔን ይጠይቁኝ። እሷን ይተዉልኝ።»

ጉልበቴን እንኳ አላሰብኩትም፤ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ወደ እግሯ ሄድኩ። ብብቴን ይዛ አነሳችኝ፤ ጠንካራ ናት። ልብሴን አራገፈችልኝ። አቅፋኝ ይቅር ብያለሁ የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ እኛ ዘንድ አሮጊት እግር ላይ ወድቃ እንዲሁ አትመለስም። እሷ ግን ፊቴን ደህና አድርጋ አየችና «ሰምቻለሁ እትዬ። እሺ ግን አላልኩም፤ ገና ነኝ። ሐሙስ ይምጡ፤ እማዬ ሲመጡ ደስ ይላታል» አለችኝና የመኪናውን በር ከፈተችልኝ።

ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ትልቋ «ማሚ፣ ሺ ኢዝ ራይት» አለችኝ፤ ትንሿ አለቀሰች። እኔ በየሐሙሱ እሄዳለሁ። እታገኘሁ ከሳምንት ሳምንት ድምፅዋ እየሳሳ ነው፤ ወሬውን ትተዋለች፣ ምርቃቱን ግን አትተወውም። ልሄድ ስነሳ ሁለት እጄን ትይዝና «ለልጄ እንዳደረግሽላት፣ ለልጆችሽ እንዲሁ ያድርግልሽ» ትላለች። ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።